ዘሎ መሬት መርገጥ

ሸኮ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ አጎቴ ባምላኩ፤ ጁባ

ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ ነው፣ ተመልካቹ ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ልጆቹ ግን ገና ሜዳው ዳር ይዘላሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ወደ ጎን ይሮጣሉ። «ኧረ ኳሱን ሳይነኩ ጉልበታቸውን ለምን እዚህ ይጨርሱታል?» ብለህ ጠይቀህ አታውቅም? እዚህ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ለሁሉም ስመልስ ሰንብቼ አሁን ላንተም ልመልስ ነው የተቀመጥኩት። ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ መሰለኝ፤ ይቅር በለኝ።

የጌታ ሰላም ባለህበት ይክበብህ። የምትነዳው የውኃ ቦቴ ጭነቱ ይቅለልልህ፣ መንገዱ ይቃናልህ። እናቴ ደህና ናት። ለማዕድ ስትጸልይ ስምህን ትጠራለች፤ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ትጠራለች። «የድምፅ መልእክት ሞተሩ አያሰማኝም፣ ጻፊልኝ» ስላልከኝ በወረቀት እየጻፍኩልህ ነው። ሚዛን ከተማ ስወርድ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ። የሸኮ ኔትወርክ እንደ ጭጋጋችን ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፤ ስለዚህ ብዘገይ ስንፍና አይደለም።

ከተመረቅኩ ወዲህ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ቆሜ እግሬ ቀጠነ። ስፖርት ሳይንስ ተምሮ ቁጭ ማለት ደግሞ ያሳምማል። እዚህ ትምህርት ቤት የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ የለውም ሲሉኝ፣ ሥራ እስካገኝ ያለ ደመወዝ ልያዘው አልኩ። አጥቂያችን ሆሳዕና ትባላለች፤ የጓደኛህ የጴጥሮስ ልጅ ናት። ስትሮጥ ሣሩ አስቀድሞ መንገድ የሚለቅላት ይመስላል። በረኛችን ዐፊፋ ናት፤ አባቷ ከጅማ በኩል የመጡ ቡና ነጋዴ ናቸው። ከምትመልሰው ኳስ የምትመልሰው ነገር ይበልጣል።

ጠዋት ጭጋጉ ሜዳው ላይ ይተኛል። ልጆቹ ከወገባቸው በታች አይታዩም፤ ደመና ላይ የሚዋኙ ነው የሚመስሉት። ቀስ ብለው ይሮጣሉ። ጉልበታቸውን አንስተው ወደ ጎን እየከፈቱ ዳሌያቸውን ያፍታታሉ። በክርናቸው ተደግፈው እንደ ጣውላ ቀጥ ብለው ይቆያሉ። በአንድ እግር ይቆሙና ጓደኛ ትከሻቸውን ገፋ ታደርጋቸዋለች፤ እነሱ ሳይወድቁ መቆም አለባቸው። በመጨረሻ ይዘላሉ። መዝለሉንማ ማን ያጣዋል? እኔ የማስተምራቸው መሬት መርገጡን ነው። ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይጠማዘዝ፣ ከእግር ጣት ጀምሮ፣ ድምፅ ሳይሰማ። «መሬቱ ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሱት» እላቸዋለሁ። ዐፊፋ ደግሞ «የሸኮ መሬት እኮ ድሮም እንቅልፋም ነው» ብላ ታስቃቸዋለች። በየልምምዱ በትዕግሥት ከተሠራ፣ በተለይ የሴት ልጆችን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ከጉዳት በብዙ ያድናል። ይህን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ አሁን በዓይኔ ማየት ነው የጎደለኝ።

ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛው ታኬታ ነው። ግማሾቹ በሸራ ጫማ ነው የሚጫወቱት፤ ያገለገለም ቢሆን ከተገኘ። ሁለተኛው ወሬ ነው። በኳስ ስምህ እስከ ቴፒ ይጠራል፤ መጫወት ለምን እንዳቆምክ ግን የሚነግረኝ የለም። እናቴን ብጠይቃት «ዓይን ነው የበላው» ትልና ጨዋታ ትለውጣለች። እናንተስ ከጨዋታ በፊት ምን ትሠሩ ነበር? ጉልበትህንስ ምን ነካው?

የእህትህ ልጅ ማራናታ


ጁባ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለማራናታ

ያስተማረሽ ጌታ ሥራውንም አይንፈግሽ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ሾርባዋን በትኩሱ ትጠጣ፣ እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፎቶው ላይ አውራ ጣትሽ ሁለት መሥመር ሸፍኗል፤ ያልታየኝን በግምት ሞላሁት። ጥሩ ጥሩ ነገር ነው የሞላሁበት።

እዚህ ሙቀቱ ሰውን ከነሐሳቡ ያቀልጣል። ጠዋት ወንዙ ዳር ተሰልፈን ውኃ እንቀዳለን፤ ቦቴው ሲሞላ ድምፁ የሸኮን ዝናብ ይመስላል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ክላክስ ሲያደርግ እነቃለሁ።

እኛ ምን እንሠራ ነበር ትያለሽ? ከአይሱዙ ላይ ወርደን በቀጥታ መጫወት ነዋ! ማሟሟቂያችን የመንገዱ ጉድጓድ ነበር። ልጆቹን አታድክሚያቸው። ኳስ ልብ ውስጥ ካለች እግር ይታዘዛል። ታኬታውን በጋምቤላ በኩል የሚያልፍ ሰው ባገኝ እልካለሁ።

ጴጥሮስ አሁንም ሲስቅ ጠረጴዛ ይደበድባል? ሰላም በይልኝ። የጉልበቱ ወሬ ያለፈ ነገር ነው። እዚህ መንገዱ ፍሪሲዮን መርገጥ ያበዛል፣ ቤት ስገባ እግሬን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ፤ ሌላ ችግር የለብኝም።

አጎትሽ ባምላኩ


ሸኮ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ባምላኩ

በያለህበት ጌታ ጥላ ይሁንህ። እኛ በሕይወት አለን። እናቴ ሰላም ብላሃለች።

ይህን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሆሳዕና ተጎዳች።

የትምህርት ቤቶች ውድድር መክፈቻ ሚዛን ላይ ነበር። የቡና ለቀማው ስላላለቀ ልጆቹ ጣታቸው በቡና ቅርፊት ጠቁሮ ነው የመጡት፤ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ሜዳው ዳር ማሟሟቂያችንን ስንሠራ ሰው መሳቁን ትቶ ማጨብጨብ ጀመረ። እንደ አንድ ሰው ዘለሉ፣ እንደ አንድ ሰው መሬት ረገጡ። ምንም አልተሰማም። አጎቴ፣ እውነት ነው የምልህ፣ ያንን ቀን በሕልሜ አይቼው አውቃለሁ።

ከዚያ ተሰለፉ ተባለ፤ የክብር እንግዳው ሊገቡ ነው። ተሰለፍን። «ደርሰዋል፣ ድልድዩ ጋ ናቸው» ይላል ድምፅ ማጉያው። ካፊያ ጀመረ። እሳቸው ሲመጡ ጸሎት ተደረገ፣ ስለ ስፖርትና ስለ አንድነት ረጅም ንግግር ተደረገ፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር እጅ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሡ። የልጆቹ ላብ ጀርባቸው ላይ ደረቀ። የዐፊፋ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ቀልድ እንኳ አልወጣትም። ትልቅ ሰው እየተናገረ እግር ማወዛወዝ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ማን ይደፍራል? እኔም አልደፈርኩም።

ፊሽካው ተነፋ። ሆሳዕና ለመጀመሪያዋ ኳስ ዘለለች። በአንድ እግር ነው የወረደችው፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባ። ድምፁ እኔ እስካለሁበት ድረስ ተሰማኝ።

ጴጥሮስ በጀርባው አዝሎ ነው ባጃጅ ውስጥ ያስገባት። ወጌሻ ጋ ወስዶ ሊያሳሻት ነበር፤ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድናት። መንገድ ላይ ፊቱን ወደ እኔ አልመለሰም። በኋላ ወላጆች ተሰበሰቡና ሁሉም ፊት እንዲህ አለኝ፦ «ልጄን የሰበራት ያ ዝላይሽ ነው። ሌላው ቡድን ሳይዘል መጥቶ ጤነኛ ገባ። ባምላኩ አንድ ቀን ዘሎ አያውቅም፤ እንደሱ ያለ ተጫዋች ደግሞ ይህ አገር አላየም።» ወላጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርዕሰ መምህሩም ወይ ዝላዩን ትተዪዋለሽ ወይ ቡድኑ ይዘጋል አሉኝ።

ትቼው ኳሱን ብቻ ባስጫውት ዝም ይሉኛል። ግን ሜዳ ላይ ሌላዋም ስትወድቅ ቆሜ ልይ? ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ከሞቁ በኋላ ማቀዝቀዛችን ነው። ይህን እኔ ስናገር ሰበብ ይመስላል።

ታኬታውን ተወው። አሁን የምለምንህ አንድ ቃል ነው፤ ለጴጥሮስ። ካንተ በቀር የማንንም አይሰማም።

ማራናታ


ሸኮ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ባምላኩ

ሰላምህ ይብዛ። ቡናው አበበ። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጣል አድርጎ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ጫካው ሥር ነጭ ሆኖ አደረ። ሽታው እስከ ሜዳው ይመጣል፤ በሩን ከፍቼ ስወጣ ያልነቃሁ መሰለኝ። ንቦቹ ከሩቅ ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስላሉ።

ሚዛን ወርጄ ስልኬን ከፈትኩ። መልእክቴ ላይ ሁለቱም ምልክቶች አሉ። አንብበኸዋል ማለት ነው።

የሆሳዕና ጅማት ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም ብለዋል። ጊዜና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ያድነዋል። አባቷ ግን ከቤትና ከትምህርት ቤት በቀር አትንቀሳቀስ ብሏል። ዐፊፋን እየላከች ዛሬ ምን ሠራችሁ ትለኛለች። ዐፊፋ ስትመለስ «ምንም አልሠራንም፣ አንቺን ስናማ ዋልን» ትላታለች። እውነቱም ከዚያ አይርቅም፤ የሚመጡት ልጆች ሳስተዋል። የቀሩትን ሳልዘል፣ ሳላዘልል፣ ሜዳውን ብቻ አዞራቸዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ያዩኛል።

ሌሊት አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። ልጆቹ ሁሉ ይዘላሉ፣ አየር ላይ ይቆያሉ፣ ፀጉራቸው ላይ የቡና አበባ ይረግፋል። እኔ ከታች «አሁን ውረዱ» ልላቸው እፈልጋለሁ፤ አፌ አይከፈትም።

ጴጥሮስ በየደረሰበት ያንተን ስም ይጠራል። «ባምላኩ ሳይዘል ነው ጎል ያገባው» ይላል። አጎቴ፣ በጥያቄዬ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ። እዚህ የሚያሸንፈኝ ግን ያንተ ስም ነው።

ማራናታ


ጁባ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማራናታዬ

ጌታ ይህን ልብሽን አያቀዝቅዝብሽ። ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። የሚጥም ወሬ ከአፍ ቶሎ አይወጣም፤ ለዚህ ነው።

ጉልበቴ የተጎዳ ቀን ከሚዛን ወደ ቴፒ የሄድነው ቡና በጫነ አይሱዙ ነበር፤ ከነጴጥሮስ ጋር ጆንያው ላይ ተቀምጠን። ዝናቡ መንገድ ላይ አገኘን። ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ ከወገቤ በታች ያለው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሕዝቡ ስሜን ይጠራል። ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ እንደሮጥኩ ሜዳ ገባሁ። የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀብዬ ዞርኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ከሌላው ቡድን ሰው ቀርቶ ጥላ አጠገቤ አልነበረም። እኔ ዞርኩ፣ እግሬ እዚያው ቀረ።

ማንም ስላልነካኝ ለሰው ነገሩ ግራ ሆነ። «የበረኛቸው እናት ከጎሉ ጀርባ ቆማ ትኩር ብላ ስታየው ነበር» አለ አንዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው በሙሉ አመነ። እኔም አመንኩ። ዓይን የሚበላው መልካም ነገርን ነው ይባላል አይደል? ጉልበቱ ደንዝዞ ነው ከመባል ዓይን በላው መባል ይሻላል። በዚያ ወሬ ላይ ተኝቼ ኖርኩ።

ደብዳቤሽ ከመጣ በኋላ አንድ ቀን ቦቴው እስኪሞላ በአንድ እግር ቆሜ ሞከርኩ። ቀኙ ቆመ። ግራው እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ሾፌሮቹ ሽመላ አሉኝ። አሁን ውኃ በቀዳሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ስሜም ሽመላ ሆኖ ቀረ። የሚገርምሽ ነገር፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሕመሙ ቀለል ብሎኛል።

ለጴጥሮስ ደወልኩለት። የነገርኩሽን ሁሉ ነገርኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «ታዲያ እኔ ያችን ሴትዮ እስከ ዛሬ ሰላምታ የነሳኋት በምን ምክንያት ነው?»

«ሂድና ሰላም በላት።»

«ሞታለች እኮ፣ ባምላኩ።»

ይህን እንዳለኝ የስልኬ ሒሳብ አለቀ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አልነገረኝም። ከዚህ በላይ ከሩቅ የምረዳሽ የለኝም።

አሁን ልመናው ወደ እኔ ዞሯል። መዝለሉን ገና አልደፈርኩም። እንዴት ተብሎ መሬት እንደሚረገጥ፣ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው፣ በዝርዝር ጻፊልኝ።

አጎትሽ ባምላኩ


ሸኮ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አጎቴ ባምላኩ

እግዚአብሔር ቃልህን እንዳከበረ አንተንም ያክብርህ። ጴጥሮስ የመጣው በፋሲካ ማግስት ነው። ጃንጥላ ይዞ ሜዳው ዳር ቆሞ አይቶን ሄደ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው አጠገቤ ቆሞ «ልጄ ያን ቀን ከመዝለሏ በፊት ምን ያህል ቆመች?» አለኝ። ነገርኩት። ጃንጥላውን አጥፎ «እኛም እኮ ጆንያ ላይ ነበርን» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። ወላጆቹን ያስቆጣው እሱ ስለነበር ያበረዳቸውም እሱ ሆነ። ቡድኑ ለአንድ ጨዋታ ተፈቀደለት፦ ቴፒ ላይ፣ ከነማሟሟቂያው። አንዲት ልጅ እንኳ ተጎድታ ብትመለስ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል ተባለ። መፈረም ነበረብኝ፣ ፈረምኩ።

ቴፒ ሞቃለች፤ አየሩ ራሱ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ከሚኒባሱ እንደወረድን ማንም ኳስ እንዳይነካ አልኩ። ሮጡ፣ ተፍታቱ፣ በአንድ እግር ቆሙ፣ ዘለሉ። ሆሳዕና ጉልበቷ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንደ አዛዥ ትጮህባቸዋለች፤ «ጉልበት ወደ ውጭ! ቀስ!» ልክ ስንጨርስ ድምፅ ማጉያው ተሰለፉ አለ። የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው።

ጭንቀቴን ምን ልበልህ። ዳኛውን ለመንኩ፤ እኔ ምን ላድርግ አለኝ። ልጆቹ ወደ መስመሩ መሄድ ጀመሩ፣ ሰው ያከብራሉና። በዚህ መሐል የእንግዳው መኪና ገባ። ጴጥሮስ ኮቱን ቆለፈና ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ከኋላው ተከተልኩት፤ የሚያሳፍረኝ ነገር እንዳይናገር ፈርቼ ነው። እጅ ነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ እንዲህ አላቸው፦

«ክቡር እንግዳችን፣ ልጆቻችን አሁን ሞቀዋል። ንግግርዎን ቆመው ቢሰሙ ይቀዘቅዛሉ፤ ሳይሰሙ ቢጫወቱ ደግሞ እኛ እናፍራለን። አሁን በአንድ ቃል ይባርኩልን፤ ቀሪውን ጨዋታው ሲያልቅ ተቀምጠው ይስሙዎት።»

ሰውዬው አየት አደረጉትና «ንግግሬ ረጅም መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉት። ዙሪያው ሳቀ። እጃቸውን አነሡ፣ «ተባረኩ፣ ተጫወቱ» አሉ፣ ተቀመጡ። ይኸው ነው፤ ለካ መጠየቅ ብቻ ነበር። እኛ አንጠይቅም።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ዐፊፋ የገባባትን ኳስ «እንግዳ ናት ብዬ አሳለፍኳት» አለች። ዝናብ የነካው ሜዳ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወደቁ፣ ብዙ ጊዜ ተነሡ። መጨረሻ ላይ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሜ ሲገቡ እግር እግራቸውን አየሁ። ጴጥሮስም በሌላው በኩል ቆሞ ያያል። ሁሉም በእግራቸው ገቡ። ያኔ ነው ማልቀስ የመጣብኝ። እሱ ግን አልገባም፤ ጠብቁኝ ብሎ ከአንድ ሽበታም ሰው ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ ብዙ ተነጋገረ። ያ ሰው የድሮው በረኛ፣ የሴትየዋ ልጅ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ሲሳፈር ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ መጣ።

ርዕሰ መምህሩ የፈረምኩበትን ወረቀት ቀደዱት። ከሚዛንና ከሸዋ ቤንች ያሉ አሰልጣኞች ይህን ነገር አሳዪን ብለዋል፤ ሰኔ ሲጋመስ ሜዳችን ላይ እንሰበሰባለን። ሥራም ሳይኖረኝ ሥራ በዝቶብኛል።

የጠየቅኸኝን ልንገርህ። ለተጎዳ ጉልበት የመጀመሪያው ዝላይ ዝላይ አይባልም፤ ተረከዝህ ከመሬት ለቀቅ ይበል፣ ያ ብቻ። በሁለቱም እግር ውጣ፣ በሁለቱም ውረድ። ጉልበትህ ወደ ጣቶችህ አቅጣጫ ይጠፍ እንጂ ወደ ውስጥ አይሂድ። ዓይንህ ፊት ለፊት ይይ። እስከ አሁን እግርህን ያሳየኸው ሐኪም ከሌለ አስቀድመህ አሳየው። ከሁሉም በላይ ብቻህን አትጀምር፤ እጅህን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ስለሚደግፍህ ሳይሆን እንዳትፈራ።

ሐኪሙ ለሆሳዕና ስለፈቀደላት ዛሬ ጠዋት ጀመረች። አባቷ ነው የያዛት። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር፤ ሁለት ራስ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ አንዱ ብቅ ብሎ ይወርዳል። ምንም አይሰማም። ትንሽ ቆይቶ ጴጥሮስ «እንደገና» አላት።

አጎቴ፣ ጁባ ውስጥ እጅህን የሚይዝልህ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጀምር። ከሌለ ግን ለሰኔው ና፤ ጴጥሮስ ልጁን የሚይዘው በአንድ እጁ ነው፣ ሌላው ላንተ ይሆናል። የቱን እንደመረጥክ ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ።

ማራናታ